ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ጋዝ

ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው አደገኛ ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለማማት አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየእድራችሁ፣ በየቤተ ክርስቲያናችሁ እንደኔ ያለ አንድ ሰው አታጡም። ስብሰባው ሲጋጋልና ፊት ሲቀላ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ «ሁለቱም ሐሳብ ጥሩ ነው» ብሎ የሚጀምረው ያ ሰው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እፎይ ይላል፣ ውሳኔው ይጻፋል፣ በጸሎት ይዘጋል። የተወሰነው ነገር የማይሆን መሆኑ የሚታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ እኔ ሌላ ስብሰባ ላይ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ ነው።

ጋምቤላ ውስጥ ይህ ችሎታ እንጀራ ያበላል። እኔ የደገኛ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ ከላይ ከዳገቱ ወርደው እዚህ ወለዱኝ፤ ባሮ ውስጥ ዋኝቼ አደግኩ። የምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን በሦስት ቋንቋ ነው የሚያመልከው፤ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ። መዝሙር በተራ ነው፤ ስብከት ይተረጎማል፤ ማስታወቂያም እንዲሁ። አንድ ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ተነግሮ እስኪያልቅ፣ ማስታወቂያው የተነገረለት ጉዳይ ያለፈበት ጊዜም አለ። ግን ማንም አያጉረመርምም። የኛ ቤት ወግ ነው።

ወጉን የተከለው ወንጌላዊ ኡቻን ነው። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ፊት ለፊትም አንቱ ነበር የምለው፤ በጽሑፍ ግን አንቱታው ያርቀዋል፣ እሱ ደግሞ አሁን የራቀው ይበቃል። ረጅም ቀጭን ሰው ነበር። በወጣትነቱ በትንሽ ጀልባ ባሮን እየተሻገረ እስከ ኢታንግ ድረስ ባሉ መንደሮች ሲሰብክ ኖሯል። ከተማው ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት በማይነጋገርበት በአንድ ክፉ ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም ሰው ከራሱ ቋንቋ ተናጋሪ አጠገብ እንዳይቀመጥ ደነገገ። መጀመሪያ ሰው ኩርፊያ በኩርፊያ ሆኖ ተቀመጠ። እያደር ግን አጠገብህ ያለው ሰው ሲያስል ውሃ ማቀበልህ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ የሱ ትምህርት አንድ ነበር፤ ከስብሰባ ማንም ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይሂድ። እኛም ይህን ትምህርት አጥብቀን ያዝን። በጣም አጥብቀን።

የቤተ ክርስቲያኒቱ መኪና ክሊኒኩን የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ሲሄዱ ትተዋት የሄዱት ናት። አንድ ጊዜ ነጭ ነበረች። ሞተሯ ጠንካራ ነው፤ ኤሲዋ ግን ከሞተ ዘመን አልፎታል። ማንም ኤሲ አላት ብሎ አያስብም ነበር፤ መስኮት ከፍቶ መሄድ ለምዶብናል። እንግዲህ መጋቢት ላይ የወንጌላዊ ኡቻን ልብ ደከመ። ሐኪሙ ወደ ጅማ ሪፈር ጻፈለትና ጠርቶን እንዲህ አለን፦ «በዚህ ሙቀት ለሰዓታት የጋለ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ልቡ አይችልም። ቀዝቃዛ መኪና ፈልጉ። ደግሞም አትቆዩ።»

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ ኤሲ ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። መጋቢት ላይ ጋምቤላ ኑና ቀትር ላይ የቆመ መኪና በር በባዶ እጃችሁ ክፈቱ። በሌሊት ለምን አልወጣችሁም ትሉኝ ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ለጸጥታ ሲባል መንገዱ ፀሐይ ሳትወጣ አይከፈትም፣ ኬላው ላይም ፍተሻው ረጅም ነበር። ዳገቱን ወጥታችሁ ቡሬ ከደረሳችሁ ነፋሱ ራሱ ይቀበላችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ኤሲ አያስፈልግም። የሚያስፈልገን የሁለት የሦስት ሰዓት ቅዝቃዜ ብቻ ነበር። አምቡላንሱ ወላዶችን ይዞ ወረዳ ለወረዳ ይዞራል፤ የእርዳታ ድርጅት መኪናዎች ከሥራቸው ውጪ አይወጡም፤ የኪራይ መኪና ያላቸውም በዚያ ሰሞን ያንን መንገድ እምቢ አሉ። ስለዚህ የቀረችን የኛዋ መኪና ናት።

ወደ ቾል ወሰድኳት። ቾል ወደ አሮጌው የባሮ ወደብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ መካኒክ ነው። ፍሪጅና ኤሲ የተማረው ከድንበሩ ማዶ ማላካል ነው፤ በጦርነቱ ተሰዶ መጣ፣ እህቱ አሁንም ጀዊ ካምፕ ናት፣ እሱ ከተማ ውስጥ አግብቶ ቀረ። እሑድ እሑድ ከኋላ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ የኛው አባል ነው። አማርኛው አጭር ነው፤ የሚናገረው ነገር ግን አይጎድልም። ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ቀን ሙሉ ሲመረምር ዋለ። የሚያፈሰውን ቱቦ ቀየረ፣ ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕረሰር በእጁ አዟዟረና ነገረኝ።

«መኪናው ደህና ነው። ጋዝ ብቻ ነው የቀረው። ጋዝ ደግሞ ሁለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ መኪና ስትሠራ ኤሲዋ የተሞላው በድሮው ጋዝ ነበር። ያ ጋዝ ደህና አድርጎ ያቀዘቅዛል፤ ግን ኦዞን የሚሉትን የሰማይ ከለላ ይበላል ተብሎ ዓለም ከልክሎታል፤ ቢገኝም የሚገኘው ከአንዳንድ ነጋዴ መጋዘን ጥግ ነው። አዲሱ ጋዝ በየቦታው አለ፤ ግን አሮጌ መኪና ውስጥ ለመግባት መስመሩ መታጠብ አለበት፣ ዘይቱ መቀየር አለበት፣ እርጥበት የሚመጥጠው ዕቃ መቀየር አለበት፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅዝቃዜው ከድሮው ትንሽ ያንሳል። ሦስተኛ መንገድም አለ። አንዳንዶች የማድ ቤት ሲሊንደር ጋዝ ይሞሉበታል አለኝ ቾል፤ ያቀዘቅዛል፣ ግን አፍስሶ አንድ ሰው ክብሪት ከጫረ ጌታ ሳይመጣ ትነጠቃላችሁ። ይህንኛውን ለኮሚቴው አላቀረብኩትም።

«የትኛው ይሻላል?» አልኩት።

«ሁለቱም ጥሩ ነው። አንድ ምረጥ። ነገ ጠዋት እሠራለሁ።»

አንድ ምረጥ። እዚህ ላይ፣ ወገኖቼ፣ እኔው ራሴ ብመርጥ ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። ግን መኪናዋ የጉባኤው ናት፤ የጉባኤው መኪና ደግሞ ኮሚቴ አላት፤ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሊቀመንበሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንጌላዊ ኡቻን። ታሞ የተኛው ሰው። ወንበሩን በአክብሮት ባዶ ትተን ተሰበሰብን። እሱ በሌለበት የመጨረሻ ቃል የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እሱን ሄዶ መጠየቅ ደግሞ በሽተኛን ማስቸገር ነው ተባለ። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በስተጀርባ ነበር። ስናስል ይሰማዋል።

አቶ ታደሰ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሽማግሌ ነው፤ የድሮውን ጋዝ ያዘ። ፋብሪካው የሰጣትን ለምን እንነሳታለን፣ የታሸገ ጣሳ ያለው ሰው አውቃለሁ አለ። ሲስተር ኛቦት ጀዊ የምትሠራ ነርስ ናት፤ አዲሱን ያዘች። የተከለከለ ነገር በእግዚአብሔር ቤት መኪና አይገባም፣ ደግሞ ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል አለች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሁለቱም ወንጌላዊውን ይወዱታል፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ የሚወዱትን ሰው በተመለከተ ሰው ቶሎ አይሸነፍም። በመጀመሪያው ስብሰባ ጋዝ ምን እንደሆነ ሲተረጎም ሰዓቱ ሞላ። በሁለተኛው ሁለቱ ተከራከሩ። በሦስተኛው ዝም ተባባሉ፤ ዝምታ መተርጎም ስለማያስፈልገው ስብሰባው አጭር ነበር። በዚህ መሀል ሁለት ሳምንት አለፈ።

አራተኛው ላይ ሲስተር ኛቦት ከመቀመጧ በፊት «እግሩ አብጧል» አለች። አቶ ታደሰም አቀረቀረ። ያኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ሁለቱም ሐሳብ ጥሩ ነው አልኩ። መዝሙራችን ድብልቅ ነው፣ አግዳሚያችን ድብልቅ ነው፣ ጋዙስ ለምን ድብልቅ አይሆንም? ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። አቶ ታደሰ ፈገግ አለና ለሲስተር ኛቦት ውሃ ቀዳላት። እሷ ግን ነርስ ናትና ጠየቀች።

«ባለሙያው ይስማማል?»

«ይስማማል» አልኩ።

አልጠየቅኩትም ነበር። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፣ ማህተም መታሁበት፣ በማግስቱ ይዤለት ሄድኩ። ቾል እጁን በጨርቅ ጠርጎ አንድ በአንድ አነበበው።

«ይሄ አይሆንም» አለ። «ሁለቱ አይዋደድም። ዘይቱም ሌላ ነው። አንድ ምረጥ ብያለሁ።»

«እኛስ ድሮ እንዋደድ ነበር?» አልኩት፤ ስብከት ቢጤ ጀመረኝ። «አንድ ላይ ተቀምጠን አይደለም የለመድነው?»

ቾል ጣቱን ማህተሙ ላይ አደረገ። «ሰው ይለምዳል» አለ። «ጋዝ አይለምድም።»

«ኮሚቴው ቁርጥ አድርጎ ወስኗል፣ ቾል። ሌላ ስብሰባ ከጠራን ሰውየው ይሞታል።»

ይኸውላችሁ፤ ለኮሚቴው ባለሙያው ተስማምቷል አልኩ፤ ለባለሙያው ኮሚቴው ቁርጥ አድርጓል አልኩ። ያን ቀን ብትጠይቁኝ ዋሸሁ አልልም ነበር፤ ነገር አለሰለስኩ እል ነበር። ቾል በቤተ ክርስቲያን ማህተም ላይ የሚከራከር ሰው አይደለም። ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም፤ ከጋዝ መለኪያው ጌጅ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለው። ከዚያ ግማሹን ካንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ሞላና ሞተሩን አስነሳ።

ቀዘቀዘ። እውነቴን ነው። የኮሚቴው አባላት ተራ በተራ እጃቸውን አየሩ ከሚወጣበት ላይ እያደረጉ ሳቁ፣ አቶ ታደሰና ሲስተር ኛቦት ተቃቀፉ፣ በሦስት ቋንቋ አመሰገንን። ቾል እጁን አልዘረጋም። «ዛሬ ይቀዘቅዛል» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። «ነገ እኔ አላውቅም።»

በነጋታው ወጣን። የምነዳው እኔ ነኝ። ወንጌላዊ ኡቻን ከኋላ ተጋድሟል፤ ባለቤቱ ማማ አርየት ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ሲስተር ኛቦት ተረኛ ስለነበረች እስከ በሩ ብቻ ሸኘችን። ከተማውን እስክንወጣ ድረስ መኪናዋ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነበራት፤ ወንጌላዊውም «ቡሬ የደረስን መሰለኝ» ብሎ ቀለደ። ኬላው ጋ ስንደርስ ሰልፍ ገጠመን። ፊታችን የጭነት መኪና በጭነት መኪና ላይ፤ ፍተሻው አይንቀሳቀስም። ቆሜ ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ካጠፋሁ ኤሲው ይጠፋል። ፀሐይዋ ከረረች። የሚወጣው አየር መጀመሪያ ለብ አለ። ከዚያ ከፊት አንድ የሚፋጭ ድምፅ መጣ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፣ ወዲያው ኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ኮምፕረሰሩ ነክሶ ቆሟል፤ ቺንጊያውን በጥሶታል። ውሃ የሚገፋው ፓምፕም የሚዞረው በዚያው ቺንጊያ ነው። ሞተሩ ጋለና ጠፋ።

ያኔ ሙቀቱ ገባ። መስኮት ከፈትን፣ በር ከፈትን፤ የሚገባው ያው ሙቀት ነው። ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ረድተውኝ ወንጌላዊውን ተሸክመን መንገድ ዳር ካለ ማንጎ ሥር አስተኛነው። ማማ አርየት በመዝሙር መጽሐፍ ታራግበዋለች። ከንፈሩ ደርቋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ አእምሮው ግን ሙሉ ነበር። ጠጋ በል አለኝ።

«የትኛውን ጋዝ አደረጋችሁ?»

«ሁለቱንም፣ ወንጌላዊ። ግማሽ ግማሽ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ቾል ምን አለ?»

ማማ አርየት ማራገቧን አቆመች። መቼም እዚያ ዛፍ ሥር የማለሰልሰው ነገር አልነበረኝም።

«አንድ ምረጡ አለ።»

«እኔን ለምን አልጠየቃችሁም?»

«እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው።»

«ታምሜ ነበር እንጂ አልሞትኩም ነበር» አለ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ እሳት ይፋጃል። «እኔ ነኝ ያስለመድኳችሁ። ጥፋቱን እንካፈል። ግማሹ የኔ ነው።»

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አይደለም፣ ሁሉም የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አስቡት፤ የሚሞት ሰው ከጥፋቴ ግማሹን ሊሸከምልኝ እጁን ዘረጋ፣ እኔም አቀበልኩት። በሕይወቴ የተቀበልኩት የመጨረሻው የማስማሚያ ሐሳብ ይኸው ነው፤ አሁንም ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና ለምነን መለስነው። አራት ቀን ኖረ። ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅኩት፤ ጅማ ቢደርስ ይድን ነበር ወይ አልኩት። ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና «ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። እሱም ሰው ማስቀየም አይወድም።

ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰው ይቆጣኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ባለሙያው አልተስማማም ነበር፣ ዋሽቻችኋለሁ ብዬ ተናገርኩ። በሦስት ቋንቋ ተተረጎመ። ሲስተር ኛቦት አለቀሰች። አቶ ታደሰ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ሁላችንም ያለንበት ነገር ነው አለ። አንድም ሰው ጣቱን አልቀሰረብኝም፤ ማንም ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይሂድ ተብሎ የለ? ቃለ ጉባኤው ላይ «መኪናዋ በደረሰባት ብልሽት ምክንያት» ተብሎ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጻፍኩት። ቢጮሁብኝ እመርጥ ነበር።

መኪናዋን ቾል ጎትቶ ወሰዳት። ሌላ ኮምፕረሰር አስመጥቶ፣ መስመሩን አጥቦ፣ አዲሱን ጋዝ ብቻ ሞላበት፤ ማንንም አላማከረም፣ ማንም አማክረን አላለውም። ማህተም ያለበት ወረቀቴ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ነው። ለምን አታነሳውም ብዬ ለመንኩት። «ሁለት ጋዝ ቀላቅል የሚል ደንበኛ ሲመጣ ይሄን አነብለታለሁ» አለኝ። ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም። ቾል ነገር አያለሰልስም፣ ያ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን ማማ አርየት ኢታንግ ያለች ልጇ ጋ ልትቀመጥ ቤቱን ለቀቀች። የማደርሳት እኔ ነኝ። ከኋላ ተቀመጠች፤ ያኔ በተቀመጠችበት ቦታ፣ መዝሙር መጽሐፉን ባዶ ጭኗ ላይ አድርጋ። ከማንጎው ዛፍ ወዲህ እሷም እኔም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ውጪው እንደ እሳት ይነድዳል፤ የቾል ኤሲ ግን ድንቅ አድርጎ ያቀዘቅዛል፤ እጄ መሪው ላይ እስኪደነዝዝ። ከከተማው ራቅ እንዳልን በመስታወቱ ሳያት ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እየጎተተች ነው።

«በረደኝ» አለች።

እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩና፣ አፌ ራሱ ቀደመኝ። «ግማሽ ላድርገው፣ ማማ?»

በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አነሳች። ብዙ መንገድ እስክንሄድ ድረስ ከኔ ላይ አልነቀለችውም።

«ዝጋው» አለች። «ወይ ተወው።»

ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ኢታንግ እስክንገባ በሙቀት ተጓዝን።